አርኤክስ 580 እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር በአንድ ማሽን ላይ፦ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

አርኤክስ 580 እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርዶች ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ እየቀያየርኩ ሞከርኳቸው። ማሽኑ፦ ኮር አይ5-10400፣ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም፣ ቢ460 ማዘርቦርድ፣ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ፣ ባለ 60 ኸርዝ 1080ፒ ሞኒተር። ሥራው በብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም) የቤት ውስጥ ዲዛይን ሬንደር ማድረግ (ከሞዴሉ ምስል ማውጣት) ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በኦቢኤስ ስክሪን እቀዳለሁ። ማታ ማታ ታናሽ ወንድሜ ኳስ ይጫወትበታል። እስካሁን ግራፊክስ ካርድ ስላልነበረው ሁሉም ነገር በፕሮሰሰሩ ነው የሚሠራው። አቦል ላይ የጀመረ ሬንደር ቶና ላይ ካለቀ ጥሩ ነው።

በጀቱ የሚችለው ያገለገለ ካርድ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የአዲስ ካርድ ዋጋ አይቀመስም። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ ብቅ የሚሉት ሁለት ናቸው፦ የኤኤምዲው አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት እና የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ባለ 6 ጊጋባይት። ሁለቱንም ልገዛ ነው። የተሻለው የሥራ ማሽኔ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ወንድሜ ለብቻው ወደሚሰበስበው ኮምፒውተር ይሄዳል።

ወረቀት ላይ

580ው የወጣው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ነው፣ 1660 ሱፐር በኦክቶበር 2019። ሁለቱም ሲወጡ 229 ዶላር ነበሩ።

580፦ 2,304 ኮር (የስሌት ክፍል)፣ ቡስት ክሎክ (ከፍተኛ ፍጥነት) 1,340 ሜጋኸርዝ፣ 8 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 (የሜሞሪ ዓይነት)፣ 256 ቢት ባስ (የሜሞሪው መስመር ስፋት)፣ 185 ዋት።
1660 ሱፐር፦ 1,408 ኮር፣ ቡስት ክሎክ 1,785 ሜጋኸርዝ፣ 6 ጊጋባይት ጂዲዲአር6፣ 192 ቢት ባስ፣ 125 ዋት።

ይህን ብቻ ያየ ሰው እጁን ወደ 580ው ነው የሚሰደው። ኮሩን በ2 እና በክሎኩ ስናባዛው 580ው 6.17 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ ትሪሊዮን ስሌት) ይወጣዋል፣ 1660ው 5.03። በኮርም፣ በሜሞሪም፣ በቴራፍሎፕስም 580ው ይመራል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው የሁለት ካምፓኒ ኮሮችን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ማወዳደሩ ነው። በ1660ው ቺፕ (የቱሪንግ ትውልድ) ላይ የኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስሌትና የፍሎቲንግ ፖይንት (የአስርዮሽ ቁጥር) ስሌት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በ580ው (የፖላሪስ ትውልድ) ላይ ግን ሁለቱም እነዚያው ኮሮች ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ካለው 6.17 ውስጥ በተግባር የሚገኘው ቀነስ ያለ ነው።

ሜሞሪው ላይም እንደዚያው። 256 ቢት ከ192 ስለሚበልጥ 580ው ፈጣን ይመስላል። ግን ጂዲዲአር5ቱ በአንድ መስመር 8 ጊጋቢት በሰከንድ ነው የሚያወጣው፣ ጂዲዲአር6ቱ 14። 256 ሲባዛ በ8፣ ለ8 ሲካፈል፦ 256 ጊጋባይት በሰከንድ። 192 ሲባዛ በ14፣ ለ8 ሲካፈል፦ 336። ባሱ የጠበበው ካርድ በሰከንድ ብዙ ያሳልፋል። ጂፒዩ-ዚ (የካርድን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ የሜሞሪ ክሎክ 580ው 2000፣ 1660ው 1750 ብሎ ስለሚያሳይ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይወናበዳል፤ የመጀመሪያው በ4፣ ሁለተኛው በ8 ነው የሚባዛው።

ግዢ

ገበያው ቴሌግራም ላይ ነው። «ንጹሕ»፣ «ማይኒንግ ያልነካው»፣ «ጌም ብቻ» የማይል ማስታወቂያ የለም (ማይኒንግ ካርድን ያለ ዕረፍት እያሠሩ ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት ነው)። ለሁሉም የላክሁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ካርዱ ማሽን ላይ ተሰክቶ የጂፒዩ-ዚ ስክሪንሾት።

አንደኛው ሻጭ የላከው ላይ ኮር በሚለው ቦታ 2048 ይላል። ይህ 580 2048ኤስፒ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ የወጣ፣ ስሙ 580 ሆኖ ውስጡ 570 የሆነ ካርድ። ዋጋው ግን የሙሉው 580 ነበር። «ወንድሜ፣ 580 ነው እኮ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ተጽፏል፣ አልዋሸም። ተውኩት።

ሌላ ቦታ 2,304 ኮር ያለው በ17,000 ብር ተገኘ። 1660 ሱፐር ከዱባይ በሻንጣ ካመጣው ልጅ ላይ 27,000 ብር። የ10,000 ብር ልዩነት ቀላል ስላልሆነ 580ው ቢያሸንፍ ደስ ይለኝ ነበር።

580ው ተሰካ

ምስል አለ፣ ዊንዶውስ ገባ፣ ድራይቨር ተጫነ። ሪስታርት ሲደረግ ስክሪኑ በ800 በ600 ቀረ። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 43፤ ዊንዶውስ ካርዱን አቁሞታል ማለት ነው።

የተሞከረው በቅደም ተከተል፦ ድራይቨሩን በዲዲዩ (ድራይቨር ጠራጊ ፕሮግራም) ጠርጎ እንደገና መጫን፤ ለውጥ የለም። የቆየ ድራይቨር፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ካርዱ በኡቡንቱ ፍላሽ ዲስክ ተነሣ። ምንም ሳይጫንበት ሠራ፤ የኤኤምዲ ድራይቨር ከነከርነሉ ስለሚመጣ ሊኑክስ ላይ ጣጣ የለውም። ሃርድዌሩ ደህና ከሆነና ዊንዶውስ ላይ ብቻ እምቢ ካለ የሚጠረጠረው ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ የተጻፈው መነሻ ሶፍትዌር) ነው፤ የዊንዶውሱ ድራይቨር የካርዱን ባዮስ ፊርማ ይፈትሻልና፣ የተነካካ ከሆነ አይነሣም።

የተነካካም ነበር። ጂፒዩ-ዚ ውስጥ ዲፎልት ክሎኩ 1,150 ሜጋኸርዝ ነው የሚለው። ይህ የማይነር አሠራር ነው። የኢቴሪየም ማይኒንግ የሚፈልገው የሜሞሪ ፍጥነት ስለነበር የኮሩ ክሎክ ይወርዳል፣ መብራት ይቆጠባል፣ የሜሞሪው ታይሚንግ (የጊዜ ክፍተቱ) ይጠባል፣ ሁሉም ባዮስ ውስጥ ይጻፋል። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ማይኒንግ ሲያቆም ካርዶቹ ወደ ገበያ ፈሰሱ። ባዮሱን ወደነበረበት የመለሰ ሻጭ አለ፣ ያልመለሰም አለ።

ካርዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ የባዮስ ስዊች አለ። ሁለተኛው ቦታ ኦሪጅናሉ ይሆናል ብዬ አዞርኩት፤ እሱም ያው 1,150።

ፍላሽ

ባዮሱን እንደገና ለመጻፍ (ፍላሽ ለማድረግ) ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ያለው መሆኑ ጠቀመ። የካርዱ ባዮስ ቢበላሽ እንኳ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ መግባትና እንደገና መሞከር ይቻላል። መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር የያዘ ሰው ይህ መውጫ የለውም።

መጀመሪያ ያለው ባዮስ በጂፒዩ-ዚ ተቀዳ፣ የተነካካም ቢሆን። ከዚያ የሜሞሪ ቺፑ የማን እንደሆነ ታየ፤ የእኔው ሃይኒክስ ነው። ይህ የማይዘለል ነገር ነው። አንድ ሞዴል ካርድ በሳምሰንግ፣ በማይክሮን ወይም በሃይኒክስ ሜሞሪ ሊወጣ ይችላል፣ የሌላውን ታይሚንግ የያዘ ባዮስ ከተጫነ ስክሪኑ ነጠብጣብ ይሞላል። የካርዱ ሞዴልና ሜሞሪው የሚገጥም ኦሪጅናል ባዮስ ተገኘ።

የመብራት ነገር አለ። ፍላሹ ደቂቃም አይፈጅም፣ ግን መብራት የምትሄደው ያቺን ደቂቃ ፈልጋ ነው። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ) እስኪሞላ ተጠበቀ፣ ሌላ ዕቃ ሁሉ ከሱ ላይ ተነቀለ፣ ከዚያ በኤኤምዲቪቢፍላሽ (መጻፊያው ፕሮግራም) ተሠራ። ሪስታርት። ድራይቨሩ ተቀበለ፣ ክሎኩ 1,340 አለ። ስዊቹ ሌላኛው ቦታ ላይ ያለው የማይነሩ ባዮስ እንዳለ ቀርቷል፤ አሁን የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ሙቀት

ፈርማርክ (ካርዱን በሙሉ ጭነት የሚፈትን ፕሮግራም) ላይ 87 ዲግሪ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት። ሲፈታ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) እንደ ደረቀ ጭቃ በቁራሽ ነው የተነሣው፣ በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ፓዶች (ሙቀት አስተላላፊ ንጣፎች) ዘይት ተፍተዋል። ፔስት 900 ብር፣ ባለ 1.5 ሚሊሜትር ፓድ 1,300 ብር። የፓዱ ውፍረት ከፋብሪካው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከወፈረ ሂትሲንኩ ቺፑን በደንብ አይነካም። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ተጠበቁ፣ ሙቀቱ ወደ 76 ወረደ።

የውጭ ሙከራዎች ላይ የዚህ ዓይነት ካርድ ከዚህ ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። እዚህ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑ በዚያው ዙር የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። የክፍሉ ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል። የውጭ ቁጥር አይቶ «ካርዴ ታሟል» ማለት ግን አያስፈልግም።

1660ው ብዙ አላስቸገረም። ፈርማርክ ላይ 70፣ አንዱ ፋን ሲነሣ ትንሽ ይንኳኳል። የፋኑ ስቲከር ተነሥቶ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ገባበት። ዝም ብሏል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይታያል።

ዋት

እዚህ ብዙ ሰው ያወዳደረበት መንገድ የተሳሳተ ነው። ጂፒዩ-ዚ ውስጥ 580ው 125 ዋት ገደማ ያሳያል፣ 1660ውም 125። እኩል ናቸው ማለት ነው? አይደለም። ፖላሪስ የሚያሳየው ቺፑ ብቻውን የሚበላውን ነው፤ ሜሞሪው፣ ፋኑ፣ ቮልቴጅ የሚቀይሩት ክፍሎች አይቆጠሩም። የኤንቪዲያው የሙሉ ካርዱን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ልኬቱ ከሶኬቱ ላይ መሆን አለበት። ተሰኪ ዋትሜትር ተገዛ፣ 1,500 ብር።

ፈርማርክ እየሠራ፣ ሙሉ ማሽኑ ከሶኬት፦ በ580 288 ዋት፣ በ1660 208። ልዩነቱ 80 ዋት ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤሴ ላይ በ580 ሞኒተሩም ተደምሮ መብራት ሲጠፋ ወዲያው የጭነት ጩኸት ያሰማል፣ ፋይል ሴቭ ለማድረግ እንኳ ያጣድፋል። በ1660 ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ቤንችማርክ በላይ ነው።

580ውን ለማስታገስ በኤኤምዲ ሶፍትዌር ቮልቴጁ ከ1,150 ሚሊቮልት ወደ 1,060 ወረደ፣ ክሎኩ ሳይነካ። ከሶኬት 254 ዋት ሆነ፣ ሙቀቱም ወደ 71። ወደ 1,030 ሲወርድ ፈርማርክ ያልፋል፣ ጨዋታ ላይ ግን ስክሪኑ ይጠቁራል። 1,060 ላይ ቆመ። 580 ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ይሻለዋል፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ቮልቴጅ ሲበዛ ለጋስ ነው።

ሬንደር

አሁን ዋናው ጉዳይ። ብሌንደር 4.2 ተከፈተ፣ ፕረፈረንስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ሂፕ (ብሌንደር የኤኤምዲ ካርዶችን የሚያሠራበት መንገድ) የሚለው ትር። ለሳይክልስ (የብሌንደር ሬንደር ሞተር) የሚሆን ጂፒዩ አልተገኘም ይላል። ድራይቨሩ አዲስ ነው፣ ካርዱ ጨዋታ ላይ ይሠራል፣ ብሌንደር ግን አያውቀውም።

ምክንያቱ ካርዱ አይደለም። ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ 3.0 ሲወጣ ኤኤምዲ ካርዶች የሚሠሩበትን ኦፕንሲኤል አስወገደው፣ በቦታው ሂፕ ገባ። ሂፕ የሚቀበለው ከፖላሪስ በኋላ የመጡትን ነው። በ580 ሳይክልስን በጂፒዩ ለመሥራት የመጨረሻው መስመር 2.93 ነው። ኢቪ (ሌላው የብሌንደር ሬንደር ሞተር) 4.2 ላይም በ580 ይሠራል፤ እኔ የምሸጠው ሥራ ግን ሳይክልስ ነው።

እሺ፣ 2.93 ተጫነ። የሙከራ ፋይሉ እዚያው ላይ ተሠራ፣ በሁለቱም ቨርዥን እንዲከፈት፦ አንድ ሳሎን፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ 1920 በ1080፣ 300 ሳምፕል። በ580 የመጀመሪያው ሬንደር ከመጀመሩ በፊት ከርነል ኮምፓይል ሲያደርግ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ እሱ ካለፈ በኋላ ያለው ብቻ ተቆጠረ። ኩዳና ኦፕቲክስ የኤንቪዲያ ካርዶች የሚሠሩባቸው መንገዶች ናቸው።

2.93፣ 580 በኦፕንሲኤል፦ 14 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ።
2.93፣ 1660 በኩዳ፦ 10 ደቂቃ ከ30።
4.2፣ 1660 በኩዳ፦ 5 ደቂቃ ከ40።
4.2፣ 1660 በኦፕቲክስ፦ 5 ደቂቃ ከ5።
4.2፣ ፕሮሰሰሩ ብቻውን፦ 34 ደቂቃ።

ሁለቱ ካርዶች በአንድ ቨርዥን ላይ ሲወዳደሩ 1660ው በ580ው ጊዜ ሰባ በመቶ ገደማ ውስጥ ይጨርሳል፤ በቴራፍሎፕስ የተመራው ካርድ ማለት ነው። ትልቁ ዝላይ ግን በካርዶቹ መካከል ያለው አይደለም። ያው 1660 ከ2.93 ወደ 4.2 ሲሻገር ጊዜው በግማሽ ወረደ፣ 3.0 ላይ ሳይክልስ እንደ አዲስ ስለተጻፈ። 580ው ያንን በር ማለፍ አይችልም። ደንበኛ የሚልከው ፋይልና የማወርዳቸው ሞዴሎችም የ4 ትውልድ ናቸው፣ 2.93 አይከፍታቸውም።

1660ው ሬይ ትሬሲንግ ኮር የለውም። ስለዚህ ኦፕቲክስ አርቲኤክስ ካርዶች ላይ የሚሰጠውን ፍጥነት እሱ ላይ መጠበቅ አይገባም፤ ከኩዳ ትንሽ ይሻላል፣ ያ ብቻ ነው።

6 ጊጋባይት

1660ው የሚጨነቀው እዚህ ነው። ባለፈው የመጣ የአፓርታማ ሥራ ውስጥ 70 ያህል ባለ 4ኬ ቴክስቸር (የዕቃው ገጽታ ምስል) አለ። ፋይሉ ዲስክ ላይ 5 ሜጋባይት የሆነ ጄፔግ ሬንደር ሲጀምር ተፈትቶ ነው ሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጠው፦ 4,096 ሲባዛ በ4,096፣ ሲባዛ በ4 ባይት፣ 64 ሜጋባይት። ሰባው ወደ 4.4 ጊጋባይት ይመጣል። ጂኦሜትሪው፣ የጥላና የብርሃን ዳታው፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው ሲጨመር 6ቱ ሞላ። ብሌንደር የተረፈውን ወደ ዋናው ራም ስለሚያሻግር ሬንደሩ አልቆመም፣ ግን መጎተት ጀመረ፤ ከ11 ደቂቃ ወደ 26።

መጀመሪያ የተሞከረው ሲምፕሊፋይ ውስጥ ያለው የቴክስቸር ገደብ ነው፣ 2,048 ላይ። እያንዳንዱ 16 ሜጋባይት ሆነ፣ ሁሉም ተደምሮ 1.1 ጊጋባይት፣ ፍጥነቱም ተመለሰ። ነገር ግን ገደቡ ሁሉንም እኩል ነው የሚቆርጠው፤ ካሜራው ሥር ያለው ምንጣፍ ክሩ ጠፍቶ ደበዘዘ። ስለዚህ ገደቡ ተነሣ፣ ከካሜራው ርቀው ያሉት (የመጋረጃ፣ የግድግዳ፣ የመደርደሪያ ዕቃዎች) አንድ በአንድ ወደ 2ኬ ተቀነሱ፣ ምንጣፉና የሶፋው ጨርቅ ብቻ 4ኬ ቀሩ። 12 ደቂቃ፣ ምስሉም ደህና። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል።

580ው ይህን ሁሉ በ8 ጊጋባይቱ ያለ ችግር ይይዘው ነበር። ፋይሉን የሚከፍትለት ብሌንደር ቢኖር።

ጨዋታና ቅጂ

ታይም ስፓይ (የጨዋታ አቅም መለኪያ) የግራፊክስ ነጥብ፦ 580 4,310፣ 1660 5,940። የወንድሜ የኳስ ጨዋታ ላይ ግን 60 ኸርዝ ሞኒተር ስላለ ሁለቱም 60 ላይ ይቆማሉ፣ የትኛው እንደተሰካ ሳልነግረው ሲጫወት አላወቀም። ለ1080ፒ እና ለ60 ኸርዝ 10,000 ብር መጨመር ዋጋ የለውም።

ኦቢኤስ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። 1660ው የአርቲኤክስ 20ዎቹን የቱሪንግ ኢንኮደር (ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል) ነው የያዘው። በ6,000 ኪሎቢት የተቀዳ የብሌንደር ስክሪን ላይ የሜኑ ጽሑፎቹ ይነበባሉ፤ 580ው በዚያው ቢትሬት ስክሪኑ ሲንቀሳቀስ ፊደሎቹን ያሟሟቸዋል። ወደ 10,000 ሲወጣ ይስተካከላል፣ ፋይሉ ይገዝፋል።

ድራይቨር

ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የፖላሪስንና ከሱ ቀጥሎ የመጣውን የቬጋን ድራይቨር ከዋናው መስመር ለይቶታል፤ ዝማኔው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ኤንቪዲያ በ2025 የጂቲኤክስ 10 ተከታታይን የጨዋታ ድራይቨር አቁሟል፣ ቱሪንግ ግን ገና ዋናው መስመር ላይ ነው። ዛሬ ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ይህን ከኮር ብዛት በፊት ቢያይ ይሻላል።

ወጪና ምደባ

580፦ 17,000፣ ፔስት 900፣ ፓድ 1,300፤ 19,200 ብር። 1660፦ 27,000 ብር። ዋትሜትሩ 1,500 ለሁለቱም። የዋጋው ርቀት ከ10,000 ወደ 7,800 ጠቧል፣ ባዮሱን ለመመለስ የጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር።

1660ው የሥራ ማሽኔ ላይ ቀርቷል። 580ው ወደ ወንድሜ ማሽን ይሄዳል፣ እዚያ ብሌንደር የሚባል ነገር የለም። ጉድለቱ፣ የሱ ፓወር ሳፕላይ 400 ዋት ነው፣ የግራፊክስ ገመዱም ባለ 6 ፒን አንድ ብቻ፤ ካርዱ የሚጠይቀው 8 ፒን ነው። ከ6 ወደ 8 የሚቀይር አዳፕተር በርካሽ ይሸጣል፣ 185 ዋት የሚበላ ካርድ ላይ ግን አልሰካም፤ ገመዱ ይግላል። ባለ 8 ፒን 500 ዋት ያገለገለ እየተፈለገ ነው፣ እስከ 4,500 ብር። እስኪገኝ 580ው ፔስቱ እንደታደሰ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፣ ቮልቴጁ 1,060 መሆኑ ላዩ ላይ በማርከር ተጽፎበታል፤ ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ያ ሴቲንግ ስለሚጠፋ እንደገና መሞላት አለበት።